የታመመ የቡና ቅጠል በጄፔግ ውስጥ ምን ያጣል?

ከቴፒ ወይም ከበበቃ አንድ የታመመ የቡና ቅጠል በስልክ ተነስቶ ሚዛን ተፈሪ ወይም ጅማ ላለ ባለሙያ በቴሌግራም ሲላክ፣ የተነሳውና የደረሰው ምስል አንድ አይደሉም። በመካከል ሁለት ጊዜ መረጃ ተጥሏል፤ አንዴ ስልኩ ፎቶውን ሲያስቀምጥ፣ አንዴ ቴሌግራም ሲያሳንሰው። ለሠርግና ለልደት ፎቶ ይህ አይጎዳም። ቅጠሉን በተመለከተ ግን ቀድሞ የሚጣለው በሽታው የሚለይበት ምልክት ራሱ ሊሆን ይችላል፤ በመሆኑም ምን መጣል እንዳለበት ለማሽኑ ከመተው በፊት ፎቶ አንሺው ሊወስን ይገባዋል።

ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ በወርድ 4000፣ በቁመት 3000 ያህል ነጥብ ወይም ፒክስል ይይዛል። እያንዳንዱ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ ባይት ቢያዝለት ፋይሉ 36 ሜጋባይት በሆነ ነበር፤ ስልኩ ውስጥ የምናገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው። ይህን ያደረገው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ደረጃው የጸደቀው ጄፔግ የተባለው የምስል ማመቂያ ዘዴ ነው። የሰው ዓይን ከቀለም ይልቅ የብርሃንና የጥላን ልዩነት አጥርቶ ስለሚያይ፣ ጄፔግ ብርሃኑን ለየፒክስሉ ይይዝና ቀለሙን ብዙ ጊዜ ለአራት ጎረቤታም ፒክስሎች አንድ ብቻ ያስቀምጣል። ከዚያ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ በየካሬው ያለውን ደቃቅ ለውጥ ያለዝበዋል። አንዴ የለዘበው አይመለስም። ፒኤንጂ የተባለው ሌላ የምስል ፋይል ዓይነት በአንጻሩ ምንም ሳይጥል ያምቃል፤ ፋይሉ ግን ይገዝፋል።

የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ እንደ ቴፒ ባለ ሞቃትና እርጥብ ቦታ ይበረታል። ሲጀምር ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የምትሆን ደብዛዛ ቢጫ ነጥብ ናት፤ ብርቱካናማው ዱቄት ከቅጠሉ ጀርባ የሚወጣው ኋላ ነው። ፎቶው አንድ ሜትር ስፋት ያለው ቅርንጫፍ ይዟል እንበል። 4000 ፒክስል ለዚያ ስፋት ሲከፋፈል ነጥቧ 8 ፒክስል ወርድ ይደርሳታል። ቴሌግራም በተለመደው አላላክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ሲያወርደው ነጥቧ ወደ 2.5 ፒክስል ትወርዳለች፤ የቀለም ዝርዝሩ ደግሞ በወርድም በቁመትም በግማሽ ሲቀነስ ለቢጫዋ ከአንድ ናሙና ብዙም አይተርፋትም። እሱንም ከዙሪያዋ አረንጓዴ ጋር ትጋራዋለች። በኢትዮጵያ በ1971 (እ.አ.አ.) የታየው፣ ከፍ ባለ ቀዝቃዛ ቦታ የሚከፋው የቡና ፍሬ በሽታም ከዚህ አያመልጥም። በአረንጓዴው ፍሬ ላይ እየሰፋ ያለው ቁስል ጥቁርና ጎድጓዳ ሆኖ ሮዝ መልክ ያለው ደቃቅ ነገር ያወጣል፤ መስፋቱን ያቆመው ቁስል ነጣ ብሎ ቅርፊት ይመስላል። ያቺ ሮዝ ከጠፋች ባለሙያው ለውሳኔ የሚፈልገውን አጣ ማለት ነው።

የሚያየውም የሰው ዓይን ስለሆነ ለዓይን የተሠራው ጄፔግ ይበቃዋል የሚል ሙግት ሊነሳ ይችላል። ሙግቱ የሚሠራው ፎቶው በሙሉ መጠኑ በእርጋታ ሲታይ ነው። ባለሙያው ግን ነጥቧን በጣቱ አጉልቶ ነው የሚመረምራት፤ ሲጎላ ካሬዎቹ ይወጣሉ፣ ቀለሙም ከጠርዙ ያለፈ ይመስላል። የደረሰውን ፎቶ ወደ ፒኤንጂ መቀየርም መፍትሔ አይደለም፤ ጉዳቱን በትልቅ ፋይል ከማስቀመጥ በቀር የጠፋውን አያመጣም።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የኔትወርክ ነው። ከቡና ጫካ ውስጥ ዋናውን ፋይል ላክ ማለት ቀላል አይደለም፤ በደካማ መስመር ብዙ ሜጋባይት መጫን ጊዜም ብርም ያስወጣል። መልሱ ያለው ከፋይሉ ዓይነት ቀድሞ በሚመጣው እርምጃ ላይ ነው፦ መቅረብ። ክፈፉ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቢይዝ፣ ቴሌግራም ወደ 1280 ካወረደው በኋላም ነጥቧ 25 ፒክስል ያህል ወርድ ይኖራታል፤ ፋይሉም ከአንድ ሜጋባይት በታች ሊሆን ይችላል። ካሜራው ቀርቦ ካላጠራ ትንሽ ራቅ ብሎ አንስቶ ከዋናው ፎቶ ላይ ቆርጦ መላክ ነው፤ መቆረጥ ያለበት ደግሞ ከመላኩ በፊት እንጂ ከደረሰ በኋላ አይደለም። የቅጠሉ ጀርባ ለብቻው ይነሳ፤ ዛፉን የሚያሳየው ሰፊ ፎቶ እንደወትሮው ቢላክ ይበቃል። መስመር ሲገኝ ዋናው ምስል በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላካል፤ እስከዚያው ከስልኩ ላይ ባይሰረዝ ይመረጣል።