ሩጫው ያስጨበጭባል፣ ዲፌንሱስ?

ጀሞ ውስጥ ባስኬት የሚጫወት ሁሉ ሕጉን ያውቃል፦ ያሸነፈ ሜዳው ላይ ይቆያል፣ የተሸነፈ ወጥቶ ተራ ይጠብቃል። ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ ደግሞ ከፊትህ ሦስት አራት ቡድን አለ። ለዚህ ነው ክርክራችን የማያልቀው፤ እየሮጥን እናግባ ወይስ ቅርጫታችንን እንጠብቅ?

የሯጮቹ መከራከሪያ «እኛ ከፍታ የለመድን ነን፣ ማን ይችለናል!» የሚል ነው። ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዴንቨር ናጌትስ ሞክሮታል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት (እኛ ከ2,300 በላይ ነን፣ ጉራ አይሁንብኝና)። አሰልጣኙ ፖል ዌስትሄድ፣ ተጋጣሚ ትንፋሽ እስኪያጥረው ሩጡ፣ ኳስ እንደያዛችሁ ወርውሩ አለ። ቡድኑ በ1990/91 (እ.ኤ.አ.) በጨዋታ 120 ነጥብ ገደማ እያገባ ከሊጉ አንደኛ ሆነ። የገባበት ግን 130.8! ከ82 ጨዋታ ያሸነፈው 20 ብቻ ነው። ፊኒክስ ሰንስማ በአንድ አጋማሽ ብቻ 107 ነጥብ አገባበት።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ጋ አንድ ነገር ይታየዋል። ባስኬት ላይ ኳስ የሚያዘው በየተራ ነው። ፈጥነህ ስትወረውር የራስህን ዕድል ብቻ ሳይሆን የተጋጣሚህንም ታበዛለታለህ። ስለዚህ «120 አገባን» ብቻውን ምንም አይደለም፤ ጥያቄው በአንድ ኳስ ስንት አገባህ፣ ስንትስ ገባብህ ነው። ትንፋሽም በጀት ነው፤ ለማጥቃት ከጨረስከው ለመመለስ ከየት ታመጣለህ?

በአንድ ቅርጫት ሦስት ለሦስት ስንጫወት ደግሞ ሩጫው ጭራሽ አያዋጣም። ኳስ ስትነጥቅ መጀመሪያ ከመስመሩ ውጭ ማውጣት አለብህ፤ እስከዚያ ተጋጣሚህ ቦታውን ይዟል።

ዴንቨር በ1991 ኮንጓዊውን ዲኬምቤ ሙቶምቦን አመጣ። ሥራው በዋናነት ማገድ ነበር። ቡድኑ በ1994 በጨዋታ 100 ነጥብ አካባቢ ነበር የሚያገባው፤ ከሯጩ ቡድን በ20 ያነሰ። በጥሎ ማለፉ ስምንተኛ ሆኖ ገብቶ፣ 63 ጨዋታ አሸንፎ የመጣውን አንደኛውን ሲያትልን ገጠመ። ሁለቴ ተሸነፈ፣ ከዚያ ሦስቱን በተከታታይ ወሰደ። ሙቶምቦ በአምስቱ ጨዋታ 31 ኳስ አገደ። መጨረሻ ላይ ወለሉ ላይ ተንጋሎ ኳሷን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ሲስቅ የሚያሳየው ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ አለ። ዋይፋይ ስታገኙ እዩት።