ሳማና ጥቁር እንጨት ለሽማግሎች ሕመም ይበጃሉን?

በላስታ ደጋ አንድ ሽማግሌ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት እየተነሡ በብርድ ደጅ ሲቆሙ ቤተ ሰቡ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። የአንደኛችን አያትም ሽንታቸው ፈጽሞ ሲያዝ ሦስት ቀን ሥር እየተቀቀለላቸው ከቆዩ በኋላ በቃሬዛ ወደ ላሊበላ ወረዱ። ሐኪሞች በቀጭን ቱቦ አስተነፈሷቸው እንጂ ሌላ ቀን ቢያድሩ ኖሮ ነገሩ ያሰጋ ነበር።

ከወንድ ፊኛ በታች የሽንቱን ቧንቧ ከብቦ የሚገኝ ፕሮስቴት የተባለ ትንሽ ዕጢ አለ። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ዕጢ እያደገ ቧንቧውን ያጠበዋል፤ ከ80 ዓመት በላይ ከሆኑት ወንዶች ከ10ሩ ዘጠኙ ያህል ይኸው ዕድገት ይገኝባቸዋል። ነቀርሳ አይደለም፤ ነገር ግን ሽንቱ በፊኛ ሲጠራቀም ኩላሊትን ይጎዳል።

ሳማ ያልለበለበው እረኛ በላስታ ያለ አይመስለንም። እህል ሲያጥር ቅጠሉ ተቀቅሎ ወጥ ይሆናል። በጀርመን አገር ደግሞ የሳማ ሥር ንጥር ለዚሁ ሕመም ይሸጣል። ሆኖም የእነርሱ ሳማና የኛ ሳማ ዘመዳሞች እንጂ አንድ አይደሉም፤ ኡርቲካ ሲመንሲስ የተባለው የኛው ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይበቅልም። ደግሞም የሚጠቀሙት በሥሩ እንጂ በቅጠሉ አይደለም። ስለዚህ የሳማ ወጥ የበላ ሰው ጠገበ እንጂ መድኃኒት ወሰደ አይባልም።

ይልቁንም በብዙ የተመረመረው የጥቁር እንጨት ልጥ ነው። ይህ የደጋ ዛፍ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይበቅላል፤ የልጡም ንጥር በፈረንሳይ አገር ለመድኃኒትነት ከዋለ ብዙ ዘመን ነው። 1562 ወንዶች የገቡባቸው 18 ሙከራዎች ባንድነት ሲታዩ ሌሊት መነሣቱን በመጠኑ ቀንሷል። ነገር ግን ሙከራዎቹ ከአንድ እስከ አራት ወር ብቻ የቆዩ ስለ ሆኑ እኛን አያጠግቡንም። ምክንያቱም ሶው ፓልሜቶ የተባለው የአሜሪካ ዘንባባ በትንንሽ ሙከራ ተመስግኖ ሳለ፥ በ2006 እና በ2011 እ.ኤ.አ. በጥንቃቄ ሲፈተን ከባዶ እንክብል የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ጥቁር እንጨትም ዙሪያውን ከተላጠ ይደርቃል፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በቁጥጥር ሥር የዋለው ስለዚህ ነው።

በሐኪም ቤት በኩል ታምሱሎሲን የዕጢውንና የፊኛውን አፍ ጡንቻ ያላላል፤ ፊናስቴራይድ ደግሞ በወራት ውስጥ ዕጢውን ያሳንሰዋል። ሽንቱ ደም የቀላቀለ ወይም ጨርሶ የቆመበት ሽማግሌ ግን ሥር እስኪቀቀል ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ።