ያውቁ ኖሯል? ሰማይ ላይም ወረፋ አለ!

በብዙ የዓለም አየር መንገዶች የአብራሪ ዕድል በአንዲት ተራ ቁጥር እንደሚወሰን ያውቁ ኖሯል? ሲኒየሪቲ ይሏታል። ትልቁን አውሮፕላን ማን ያበራል? በዓልን ከቤተሰቡ ጋር ማን ይውላል? ቀድሞ ካፒቴን የሚሆነው ማነው? ሁሉንም የምትመልሰው እሷ ናት!

በአሜሪካ ሃያ ዓመት ያበረረ ካፒቴን አንዱን ትልቅ አየር መንገድ ለቆ ሌላው ዘንድ ቢቀጠር ከወረፋው መጨረሻ ይሰለፋል! ትናንት የገባው ወጣት ይቀድመዋል!

ሥራ ሲቀዘቅዝስ? መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል! ያለ ደመወዝ ቤቱ ይቀመጣል፤ ስሙ ግን ወዲያው ከመዝገቡ አይፋቅም። ሥራ ሲሞቅ የሚጠራውም በተራው ነው!

አየር መንገዶች ሲዋሃዱስ ወረፋው ምን ይሆናል? ከምናውቀው እንጀምር። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ቆሞ እንዲሄድ ያስተማረው ቲ.ደብሊው.ኤ. የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ነው! አየር መንገዳችን ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ። መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ካይሮ ደረሰ! ያኔ አብራሪዎቹም ሥራ አስኪያጁም አሜሪካውያን ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1957 አለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን ካፒቴን ሆኑ! በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ!

አስተማሪውስ የት ደረሰ? እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ኪሳራ አወጀ። በሚያዝያ አሜሪካን ኤርላይንስ ገዛው። በታኅሣሥ 1 በስሙ ለመጨረሻ ጊዜ በረረ! ተማሪው ግን ዛሬም ይበርራል!

ከቲ.ደብሊው.ኤ. አብራሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት ከአዲሱ ቤታቸው የሲኒየሪቲ ዝርዝር ግርጌ ተለጠፉ! በዚያው ዓመት የመስከረም 11 ጥቃት ደርሶ ነበርና መንገደኛ ጠፋ፤ ቅነሳው ከግርጌ ጀመረ!

የበረራ አስተናጋጆቹ ዕጣ የባሰ ነበር። 4,000 ያህል ነበሩ፤ ሁሉም ከመጨረሻው ሰው በታች ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2003 አጋማሽ አንዳቸውም ሥራ ላይ አልነበሩም!

ይህ በደል ሕግ ወለደ! ሁለት የሚዙሪ ሴናተሮች፣ አንዷ ዴሞክራት አንዱ ሪፐብሊካን፣ ተባበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ በአሜሪካ አየር መንገዶች ሲዋሃዱ የሠራተኞች ድልድል ፍትሐዊ መሆን አለበት፤ ካልተስማሙም ገላጋይ ዳኛ ይቀመጣል!

ዩኤስ ኤርዌይስ እና አሜሪካ ዌስት እ.ኤ.አ. በ2005 ተዋሃዱ። ገላጋዩ በ2007 ውሳኔ ሰጠ። ከ15 ዓመት በላይ ያገለገለው የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪ ከአሜሪካ ዌስት አዲስ ቅጥር ጎን ተመደበ! የተቆጡት አብራሪዎች ነባር ማኅበራቸውን በድምፅ አባረው አዲስ አቋቋሙ!

የጋራ ዝርዝሩ መቼ ተገኘ? እ.ኤ.አ. በ2016! እስከዚያ ኩባንያው ራሱ ከአሜሪካን ኤርላይንስ ጋር ተዋህዶ ስሙ ከሰማይ ጠፍቷል!

ዴልታና ኖርዝዌስት ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ተዋህደው በታኅሣሥ ዝርዝራቸውን ጨረሱ! ሁለት ወር እንኳ አልሞላም!

ውህደት በአገራችንም አለ፤ አሁን ወደ አዲስ አበባ፣ ሰንጋ ተራ ይምጡ! ቀና ሲሉ የሚያዩት 209 ሜትር የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ነው፤ ባንኩም የውህደት ልጅ ነው! በ1972 ዓ.ም. ከአዲስ ባንክ ጋር ተዋህዶ 128 ቅርንጫፎችና 3,633 ሠራተኞች ያሉት ባንክ ሆነ!

እ.ኤ.አ. በ1975 ሁለት ተቋማት ተጣምረው የቤቶችና ቁጠባ ባንክን ፈጠሩ። እሱም ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በተራው ወደ ንግድ ባንክ ገባ! ከውህደት ተወልዶ በውህደት አለቀ!

በአገራችን ሕግ ሠራተኛ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚታየው ሙያና ምርታማነት መሆኑንስ ያውቁ ነበር? በእነዚህ እኩል ለሆኑት ነው የአገልግሎት ዘመን የሚቆጠረው! የአሜሪካ አብራሪ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

የመጨረሻዋ ደግሞ ለእርስዎ! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅትዎ ከሌላው ጋር ስለተዋሃደ ብቻ የሥራ ውልዎ አይቋረጥም! የቅጥር ደብዳቤዎን ታዲያ በደንብ ያስቀምጡ!