የሥራ ቀን አውቶሞቢልና የሰንበት አውቶሞቢል፤ ከደሴ ፒያሳ እስከ ሐረጎ ቁልቁለት

የቀደሙት መኳንንት ሲዘምቱም ሆነ ወደ ግዛታቸው ሲወርዱ በሰጋር በቅሎ ተቀምጠው ይጓዙ፣ የጦር ፈረሳቸውን ግን ኮርቻውንና ልጓሙን በብር አስጊጠው በባልደራስ እጅ ከኋላቸው ያስስቡ ነበር፤ ይኸውም በቅሎ ለዳገትና ለቁልቁለት የታመነች፣ በላይዋ የተቀመጠውን ሰው የማታደክም የመንገድ እንስሳ ስትሆን፣ ፈረስ ለጉግሥ፣ ለውጊያና ለግርማ የተጠበቀ ስለ ሆነ ነው። ደሴን መናገሻቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» እየተባሉ የተጠሩት በፈረሳቸው ስም እንጂ በበቅሏቸው ስም አይደለም፤ የወሎን ገደላገደል የተሻገረችላቸው በቅሎ ግን ስሟ እንኳ በሕዝብ አፍ አልቀረም።

ዛሬ በደሴ ፒያሳ፣ ባጃጁና ሚኒባሱ፣ ከሸዋ በር የሚመለሰው ባለ ዕቃና ከኮምቦልቻ የሚመጣው ሠራተኛ በሚጋፉበት ጎዳና ዳር ቆሞ የሚያልፈውን የሚመለከት ሰው፣ ያ የበቅሎና የፈረስ ጉዳይ ገና እንዳልተፈጸመ ይረዳል፤ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ጐልማሳ ሁሉ በልቡናው ሁለት አውቶሞቢሎችን ያመላልሳልና። አንደኛይቱ ጧት ከሥራው የምታደርሰው፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት፣ እህሉን ከገበያ የምታመጣለት ናት፤ ሁለተኛይቱ ዝቅ ያለችው፣ ባለ ሁለት በሯ፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚሰማው፣ ለበዓልና ለሰንበት ተድላ ብቻ የተፈጠረች የምትመስለው ናት። በባለጸጎች አገር ያለ ሰው ሁለቱንም ገዝቶ አንዲቱን በመኪና ቤት ዘግቶ ያሳድራታል፤ አብዛኞቻችን ግን ቢቀናን የምንገዛው አንድ ብቻ ነውና፣ የእኛ ምርጫ እንደ እነርሱ ጨዋታ አይደለም።

አስቀድሞ የስፖርት አውቶሞቢል ምን እንደ ሆነች ለይቶ ማወቅ ይገባል፤ ብዙ ሰው ፍጥነትን ብቻ ያስባልና። ፍጥነት ከሞተር ይገኛል፤ የስፖርት አውቶሞቢል ባሕርይ ግን የሚገኘው ከመላ አካሏ አሠራር ነው፤ ክብደቷ ይቀነሳል፣ ቁመቷ ወደ ምድር ይቀርባል፣ ሞላዋ ይጠነክራል፣ ጎማዋ ይሰፋል፣ መሪዋም ጥቂት ሲያዞሩት ብዙ ይታዘዛል፤ ይህም ሁሉ የሚደረገው በኩርባ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል እንዳያጋድላትና ነጂው የመንገዱን ጠባይ በመዳፉ የዳሰሰው ያህል እንዲያውቀው ነው። ታዲያ ይህ ጥበብ ያለ ዋጋ አይገኝም። ከሆዷ እስከ ምድር ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን የፍጥነት ማብረጃ ጉብታ ሁሉ ጠላቷ ነው፤ የጎማዋ ጐን ስስ በመሆኑም አንድ ክፉ ጉድጓድ ጎማውን ከነቸርኬው ሊያበላሸው ይችላል፤ በለሰለሰ አስፋልት ላይ ያስደሰተው ጠንካራ ሞላ በድንጋይ ንጣፍ ላይ የተሳፋሪውን ወገብ ያሳምመዋል። እርግጥ ነው፣ ዳትሰን 240ዜድ የተባለችው የስፖርት አውቶሞቢል በምሥራቅ አፍሪካ ጭቃና አቧራ የሚካሄደውን የሳፋሪ ራሊ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1971 እና በ1973 አሸንፋለች፤ ነገር ግን ፋብሪካዋ መለዋወጫ የያዙ መካኒኮችን በየመንገዱ አሰልፎላት ነበር፤ የፒያሳን ገዢ ከበስተኋላው የሚከተለው ያበደረው ሰው ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ የሥራ አውቶሞቢልና የስፖርት አውቶሞቢል በትውልድ የተለያዩ ነገዶች አይደሉም። በአገራችን «ቮልስ» እየተባለች የምትወደደው፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ በመውጣቷ በታሪክ የተመዘገበችው ቮልስዋገን የፈርዲናንድ ፖርሼ ሥራ ናት፤ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1948 መሠራት የጀመረችው የፖርሼ 356ም ብዙውን ብልቷን ከቮልስ ወርሳለች። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንት ዘመን ታክሲ የሆነችው ላዳ ደግሞ የፊያት 124 ልጅ ስትሆን፣ ከዚያችው ከፊያት 124 ቤት ፒኒንፋሪና የተባለው የአውቶሞቢል ንድፍ ቤት መልኳን ያሳመረላት፣ ጣሪያዋ የሚከፈተው ስፓይደር ወጥታለች።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የምትቀርበው ግን «ዲኤክስ» ናት። ይህች ሽማግሌ ኮሮላ፣ የኋላ ጎማዎቿ የሚገፏት፣ ሞተሯን ማንኛውም የሠፈር መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው፣ በደሴ ዳገት ላይ አምስት ሰው ጭና ስታቃስት የምናያት ናት፤ ነገር ግን ታናሽ እኅት እንዳለቻት የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ቶዮታ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1983 የኮሮላን ዋና ዘር በፊት ጎማ እንዲሳብ ሲለውጠው፣ ለስፖርት ያሰባትን ኤኢ86 የተባለችውን ግን ከዲኤክስ በወረሰችው በአሮጌው የኋላ ግፊት ሻንሲ ላይ ሠራት፤ ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ኃይሏ 130 የፈረስ ጉልበት ያህል፣ ክብደቷም ከ1000 ኪሎ ግራም በታች ነበረ። በቍጥር ሲታይ ይህ ከብዙ የቤት አውቶሞቢል አይበልጥም። በጃፓን ተራሮች ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ይልቁንም በቁልቁለቱ፣ እጅግ ኃይለኞቹን ወደ ኋላ እያስቀረች ስሟ የገነነው ታዲያ ቀላል በመሆኗና ለመሪ በመታዘዟ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1995 መታተም የጀመረው «ኢኒሺያል ዲ» የተባለው ሥዕላዊ ልብ ወለድም ዝናዋን ወደ ዓለም አደረሰው፤ የዚያም ታሪክ ጀግና ልዑል ወይም ባለጸጋ አይደለም፤ ገና ሳይነጋ ከአባቱ ሱቅ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ምግብ በዚያችው አውቶሞቢል ጭኖ ለደንበኛ የሚያደርስ ልጅ ነው። የሥራይቱና የጨዋታይቱ አውቶሞቢል አንዲት ልትሆን እንደምትችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

የኤኢ86ን መንገድ ለማየት ጃፓን መሄድ አያስፈልግም። ደሴ በ2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ትወርዳለች፤ በጣልያን ወረራ ዘመን የተዘረጋው ጎዳና ይህን 650 ሜትር ያህል ልዩነት በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ በሐረጎ ተራራ ጐን እየተጠማዘዘ ይወርደዋል። የሥራ ቀኑም የሰንበቱም መንገድ ይኸው ነው፤ ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካና ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚወርደው ሠራተኛ በአዘቦት የሚመላለስበትን ኩርባ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወይም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነፋስ ሊቀበል የወጣው ቤተሰብም ያገኘዋል። በዚህ ጎዳና ላይ ብርቱ ሞተር የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ጥቂት ነው፤ ከአንዱ ኩርባ እስከ ሌላው ያለው ርቀት አጭር ነውና፣ ከፊትም ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና በኤሊ እርምጃ ይወጣልና፣ በክረምት ደግሞ ጉሙ ወርዶ የፊተኛውን መብራት ይውጠዋልና። እዚህ ሊሽቀዳደም የሚሻ ሰው ቢኖር የሚሻው ተድላ ሳይሆን ሞት ነው።

ከፍታው ራሱ ከሞተሩ ኃይል ግብር ያስከፍላል። ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየር ይሻል፤ በደሴ ያለው አየር ደግሞ በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ በሚበልጥ መጠን የሳሳ ነው። ስለዚህ በጂቡቲ ወደብ ሲወርድ 130 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ፒያሳ ሲደርስ ከ100 ብዙም አይርቅም፤ ገዢው የከፈለበት ኃይል ሩቡ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በመንገድ ቀረ ማለት ነው። ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን እያመቀ ስለሚያስገባ ከዚህ ጉዳት ብዙውን ያመልጣል፤ ይሁን እንጂ ተርቦ ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሞያና መለዋወጫው በየጋራዡ አይገኝም።

በመውረዱ ጊዜ የሚፈተነው ሌላ ብልት ነው። ፍሬን ሥራው የአውቶሞቢሉን ሩጫ ወደ ሙቀት መለወጥ ነውና፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለ ማቋረጥ የሚረግጥ ነጂ የፍሬን ሸራው እስኪሸት ያግለዋል፤ እጅግ የጋለ ሸራም የመያዝ ኃይሉ እየላላ ይሄዳል። አስተዋይ ነጂ አስቀድሞ ማርሽ ቀንሶ አውቶሞቢሉን በሞተር ይይዛታል፣ ፍሬንንም አልፎ አልፎ ብቻ በብርቱ ይነካዋል። ክብደቷ በበዛ መጠን የምትፈጥረው ሙቀት ይበዛልና፣ የቀላልነት በረከት ከዳገቱ ይልቅ በቁልቁለቱ ይታወቃል። ከማርሽ ወደ ማርሽ በልክ እያወረዱ፣ ተሳፋሪው ራሱን ሳይነቀንቅ፣ አንዱን ኩርባ ጨርሶ ለሌላው መዘጋጀት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ለዚህም ሞተሯ 1.3 ሊትር የሆነ ቪትዝ፣ ፍሬኗና ሞላዋ የተጠበቀ እንደ ሆነ፣ ትበቃለች ብል የስፖርት አውቶሞቢል አፍቃሪዎች ይቆጡኝ ይሆናል፤ ይቆጡ።

ስለ ስፖርት አውቶሞቢል ሁለት መቀመጫዎችም ጥቂት ልበል። በአገራችን አውቶሞቢል ያለው ሰው ለብቻው አውቶሞቢል የለውም፤ ለቅሶ ሲሆን ዕድርተኛው፣ ሠርግ ሲሆን ዘመድ፣ በሽተኛ ሲኖር ጎረቤት ሁሉ ድርሻ አለው። ከመንገድ ዳር ዘንቢል ይዘው የቆሙትን እናት «እትዬ፣ መቀመጫ የለኝም» ብሎ ማለፍ፣ ባዶው መቀመጫ በእውነት ባይኖር እንኳ፣ በወሎ ሰው ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ወይም እንግሊዛዊው የስፖርት አውቶሞቢሉን ሲገዛ ይህን ሒሳብ አያስገባም።

ሕጉም ከዚሁ ጋር ይተባበራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በትልልቅ ሞተሮችና ባረጁ አውቶሞቢሎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ ለአሮጌዎቹ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ነበርና፣ ከውጭ ያረጀች የስፖርት አውቶሞቢል አስመጥቶ ማደስ የሚለው የወጣቶች ሕልም ያን ጊዜ ተዘጋ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ፤ ስለዚህ አዲስ መግዛት የሚሻ ሰው ዓይኑን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞር ግድ ሆኖበታል።

የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለደሴ ሰው ያልታሰበ ስጦታ ይዛ መጥታለች። ሞተሯ አየር አይተነፍስምና ከፍታው አንዳች አይቀንስባትም፤ ከቆመችበት ስትነሣም ተራይቱ የቤት አውቶሞቢል እንኳ የቀድሞዎቹን የስፖርት አውቶሞቢሎች ታሳፍራለች። በቁልቁለት ደግሞ ሞተሯ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ተለውጦ፣ ፍሬን ሙቀት አድርጎ የሚበትነውን ኃይል መልሶ ወደ ባትሪ ያስገባዋል፤ 1600 ኪሎ ግራም የሆነች አውቶሞቢል 650 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ኃይል ወደ 2.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋልና፣ ከዚህ ከፊሉ መመለሱ ቀላል አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር ይታወቅ፤ ባትሪውን በደሴ እስከ አፉ ሞልቶ ወዲያው ወደ ሐረጎ የሚወርድ ሰው ለሚመለሰው ኃይል ቦታ አልተወለትምና፣ አውቶሞቢሏ በሞተሯ መያዝን ትቀንሳለች፣ ሥራውም ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሰው ባትሪውን ጥቂት አጕድሎ ይነሣ። ነቀፋዋ ክብደቷ ነው፤ ባትሪው ብቻውን ብዙ መቶ ኪሎ ይመዝናልና፣ በቀጥታው የምታስፈነድቅ አውቶሞቢል በኩርባ ላይ ክብደቷን ለነጂው ታስታውሰዋለች።

ለሰንበት መዝናኛ የሚወደደው ሌላው መንገድ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቅ የሚወስደው ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀኑት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ሐይቅ ለማየት ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይበቃል። በዚያም ከውሃው ዳር ቤተሰቡን አውርዶ፣ ምሳውን ከኋላ ሳጥን አውጥቶ የሚዘረጋ ሰው የኋላ ሳጥንን ዋጋ ያውቃል።

እንግዲህ ሊገዛ የተነሣ ሰው በፒያሳ አስፋልት ላይ ሁለት መቶ ሜትር ነድቶ ዋጋ አይቁረጥ። ከተቻለው አራት ሰው አሳፍሮ ሐረጎን ይውረድ፣ ይመለስም፤ ሲወርድ ፍሬኑ ይሸት እንደ ሆነ፣ መሪው በኩርባ ይንቀጠቀጥ እንደ ሆነ ያስተውል፤ ሲወጣ ከተሳቢ ኋላ በሁለተኛ ማርሽ እየተከተለ የራዲያተሩን ሙቀት ይመልከት፣ ኤሌክትሪክም ከሆነች ባትሪው በደሴ ሲነሣ ስንት እንደ ነበረ፣ ሲመለስ ስንት እንደ ቀረ ይጻፍ፤ በመጨረሻም በሸዋ በር ሠፈር በጠባቡ መንገድ ያዙራት፣ ከኋላ የተቀመጡትንም ወገባቸው እንዴት እንደ ሆነ ይጠይቅ። ሻጩ «አብሽር፣ ይህ ሁሉ አያስፈልግም» ያለ እንደ ሆነ ወደ ሌላ ሻጭ ይሂድ።