የኳስ ትኬት እውነተኛ ዋጋ

የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ጨዋታ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ይካሄዳል እንበል። ትኬቱ 10 ብር ሲሆን 10,000 ተመልካች ቢገባ ገቢው 100,000 ብር ነው። ዋጋው 12 ብር ሆኖ ተመልካቹ ወደ 9,000 ቢቀንስ ገቢው 108,000 ብር ይሆናል። ዋጋው በ20 በመቶ ሲጨምር ተመልካቹ የቀነሰው በ10 በመቶ ብቻ ነው፤ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን ዓይነቱን ፍላጎት «የማይለጠጥ» ይሉታል።

ምክንያቱ ወደ መርካቶ ጎራ ቢሉ ይገኛል። የሸማ ተራው ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ 90 ብር ትርፍ ቢያጣ፣ ጨዋታው የሚያስወጣው በጠቅላላው 100 ብር ነው። ትኬቱ 12 ብር ሲገባ ወጪው 102 ብር ይሆናል፤ ጭማሪው 2 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ አይቀርም፤ ዋጋ በመቀነስም ሌላውን ባለሱቅ ማምጣት ያስቸግራል። ይልቅ ጨዋታውን አብዛኛው የመርካቶ ሱቅ ወደሚዘጋበት እሑድ ማዛወር ይሻላል።

ከትምህርት ቤት ለሚመጣው የሰፈሩ ተማሪ ግን ትኬቱ ሙሉው ዋጋ ነው፤ ጭማሪውም 20 በመቶ ነው። በሒሳቡ ውስጥ ከጎደሉት 1,000 ሰዎች አብዛኞቹ እንደ እርሱ ያሉት ናቸው። ገቢን ብቻ የሚመለከት ክለብ ይህን አያይም።

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ናይጄሪያን በአዲስ አበባ ስታዲዮም ስታስተናግድ እንደታየው ደግሞ፣ ፈላጊው ከመቀመጫው ሲበልጥ ሰልፉ ራሱ ዋጋ ይሆናል፤ በሰልፍ ደግሞ ተማሪው ነጋዴውን ይቀድማል።