ያውቁ ኖሯል? በሬን የሚጥለው አረፋ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ክረምቱ ሲወጣ ሜዳውን የሚያለብሰው ለምለም ማገጥ፣ ጤነኛ በሬን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊገድል እንደሚችል ያውቁ ኖሯል?

ማገጥ መርዝ የለበትም። ከብት የበላው ሣር በጨጓራው ውስጥ ሲብላላ ጋዝ ይፈጠራል፤ ከብቱም እያገሳ ያስወጣዋል። የተራበ በሬ እርጥብ ማገጥ በብዛት ከጋጠ ግን ጋዙ በአረፋ ታፍኖ ይቀራል። ጨጓራው እንደ ከበሮ ይወጠርና ሳንባውን ተጭኖ ትንፋሽ ያሳጣዋል። እብጠቱ ጎልቶ የሚታየው በግራ ጎን፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በስተኋላ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ በአፉ ቱቦ አስገብቶ የምግብ ዘይት ያወርድለታል፤ ዘይቱ አረፋውን ይሰብረዋል። በሬው ትንፋሽ አጥሮት ሊወድቅ ሲል ደግሞ ያንኑ ጎድጓዳ ቦታ ቱቦ በለበሰ ሹል ብረት ይወጋዋል፤ ብረቱ ሲነቀል ቱቦው ይቀርና ጋዙ በእሱ ይወጣል።

እንዲህ ያለውን አጣዳፊ ሕመም የሚያክመው የእንስሳት ድንገተኛና ጽኑ ሕክምና በአሜሪካ ራሱን የቻለ የስፔሻሊስት ሙያ ሆኖ ዕውቅና ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የአገራችን የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ደብረ ዘይት ላይ የተከፈተው ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ነበር። በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ግን ለድንገተኛ ሕክምና የተለየ ስፔሻሊስት አይጠበቅም፤ ምጥ ለጠናባት ላምም ሆነ ሆዱ ለተነፋ በሬ ሌሊትም ቢሆን የሚጠራው የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው።