ኢጃብና ቀቡል በዋጋ ሲለያዩ

በፊቅህ የሽያጭ ውል የሚጸናው ኢጃብና ቀቡል ሲገጥሙ ነው፤ መሠረቱም በሱረቱ አን-ኒሳእ 29ኛው አያህ የተደነገገው የተዋዋዮች መዋደድ ነው። ስለዚህ ሻጭ «በ1000 ቁሩሽ ሸጥሁልህ» ሲል ገዢ «በ900 ገዛሁ» ቢል ሽያጭ አልተፈጸመም። የገዢው ቃል ሻጩ ሊቀበለው ወይም ሊተወው የሚችል አዲስ ኢጃብ ነው።

ገዢው «በ1500 ገዛሁ» ቢልስ? በሐነፊ መዝሀብ ላይ የተመሠረተው የዑስማኒያ መንግሥት ሕግ፣ መጀላ (1869–1876)፣ በአንቀጽ 178 ሽያጩን በ1000 ያጸናዋል፤ 1500 ሊከፍል የፈቀደ ሰው 1000 ለመክፈል መፍቀዱ አያጠራጥርምና። ትርፉ 500 ገዢውን የሚያስገድደው ሻጩ ጭማሪውን በዚያው መጅሊስ ከተቀበለ ነው። በዚህ አካሄድ ዳኛው በቃላቱ ልዩነት ብቻ ውሉን አያፈርስም፤ የሁለቱ ፈቃድ ከተገናኘበት ልክ አልፎም የማንንም ገንዘብ አያስከፍልም።